በሁዳዴ ያቆምኩት ክኒን

መጀመሪያ የከዳኝ ግራ እግሬ ነው። ቢቸና ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት «ኧረ እታለም፣ ጫማሽ ቀረ!» ብላ ጮኸችብኝ። ዞር ብዬ ባይ ነጠላ ጫማዬ ጭቃ ላይ ቀርቷል። ሲወልቅ አልተሰማኝም።

የጡት ካንሰር ታክሜ፣ ድኛለሁ ብዬ እዚያው ቢቸና ወደ ማስተማር ሥራዬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ካንሰሩ ወደ አንጎሌ ተሰራጭቷል። አሥር ቀን የጨረር ሕክምና ወሰድኩ፤ እግሬ ተመለሰ፣ ፀጉሬ ሄደ። ቆብ አድርጌ ብወጣ የማያውቀኝ ሁሉ «እማሆይ፣ ይመርቁኝ» ይለኝ ጀመር። እኔም ምርቃቱን አልነፈግኩም።

ከጨረሩ በኋላ በስምንተኛው ወር ራስ ምታትና ትውከት መጣ። ዕጢው እንደገና አድጓል። ዶክተሩ አልሸፋፈኑም፦ «ጨረሩን ዝቅ ባለ መጠን መድገም ይቻላል። ጊዜ ይሰጥዎታል እንጂ አያድንዎትም። የማስታወስ ችሎታዎንም ሊጎዳ ይችላል። ያስቡበት።» እስከዚያው የአንጎል እብጠት የሚቀንስ ዴክሳሜታዞን አዘዙልኝ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ ጋር።

የስልሳ ተማሪ ስም በቃሌ የምጠራ ሰው ነኝ። ማስታወስ ካቃተኝ ምን ልሆን ነው? ለማሰብ ሞጣ፣ ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። የመጨረሻ ጾሜ ቢሆንስ ብዬ ጠዋት መብላት ከበደኝ። ክኒኑን ለማንም ሳልነግር ተውኩት። ጅል ነበርኩ።

በአራተኛው ቀን መነሣት አቃተኝ። ጥሩወርቅ አጠገቤ ቆማለች። ስሟ ጠፋኝ። ታለቅሳለች። አፌን እከፍታለሁ። ቃል የለም።

ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የሕክምና ወረቀቴን አይተው መድኃኒቱን በመርፌ ሰጡኝ። በማግስቱ አንደበቴ ሲፈታ የሠራሁትን ተናዘዝኩ። ሐኪሟ «ይህ መድኃኒት በድንገት አይቆምም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው» አለችኝ። የንስሐ አባቴ ሰምተው ከቢቸና መጡ። «እኔን ሳትጠይቂ ማን ጹሚ አለሽ?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ዳቦ አስበሉኝ፣ ክኒኑን አስዋጡኝ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ሳልታከምም ስም እንደሚጠፋ አይቼዋለሁና ያኔ ጨረሩን ለመድገም ቆረጥኩ። አዲስ አበባ ተመልሼ፣ ራስ እንዳይንቀሳቀስ ፊት አጥብቆ በሚይዝ የፕላስቲክ ጭምብል ሥር አሥር ጊዜ ተኛሁ። አያምም። ያስፈራል።

እህቴ ቤት ተመልሼ ድካሙ ቀስ እያለ ሲለቀኝ፣ በመጀመሪያ ጥሩወርቅን ተደግፌ እስከ ሞጣ መናኸሪያ፣ ኋላም ብቻዬን በሚኒባስ እስከ ቢቸና መሄድ ቻልኩ፤ በሦስተኛው ወር ግማሽ ቀን ማስተማር ጀመርኩ። የተማሪዎቼን ስም አሁን ከወረቀት ነው የማነበው። አንዳንዴ ወረቀቱን የት እንዳስቀመጥኩም እረሳለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

ሐኪሞቼን፣ የንስሐ አባቴንና እህቴን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናንተም በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ጾም ሲገባ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ፤ ክኒን በራሳችሁ አታቁሙ። አስታማሚዎች ደግሞ «ዋጥሽ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመኑ፤ ስትውጥ እዩ።

ሦስተኛ ጨረር እንደማይኖር ዶክተሩ ነግረውኛል። ስለዚህ ሳልረሳው አሁን ጻፍኩላችሁ።