የክንዱ ውሻና የቡሬ መድፍ

ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖረው ገበሬ ክንዱ ውሻውን «አይበገሬ» ብሎ የሰየመው ጎረቤት ሰምቶ እንዲጠነቀቅ ነበር። ውሻው ስሙን ተሸክሞ ጥቂት ዓመት በክብር ኖረ። ጣሊያን ቡሬ ላይ መሽጎ መድፍ መተኮስ ሲጀምር ግን አይበገሬ ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ወሽቆ ከጎታው ጀርባ መደበቅ ያዘ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ብቻውን አልነበረም። ክንዱም አብሮት ይገኝ ነበር።

«ውሻውን ላባብል ገብቼ ነው» ይላል ሚስቱ ያይኔአበባ ብቅ ስትል።

«ደግ አደረጉ» ትለዋለች፣ የጎታውን አቧራ ከትከሻው ላይ እያራገፈች።

ክንዱ ሽሬ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። ሰንበቴ ላይ ጠላው ሲዞር ቦምብ በግራ በቀኙ ሲወርድ ዓይኑን እንኳ እንዳላርገበገበ ያወራል። አድማጮቹ ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ያምኑታል።

በ1930 ዓ.ም. ፍልሰታ ሲገባ ግን ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ አልሆነም። በቆሎው እሸት ይዞ ነበርና ዝንጀሮ ከገደሉ ወጣ። ሌላው እህል ተሟጦ ስላለቀ ቤቱ እስከ መኸር የሚያድረው በዚያ በቆሎ ነው። የማሳው ጠባቂዎች ክንዱና አይበገሬ ናቸው፤ መድፉ ሲጮህ ሁለቱም ጥለው እንደሚሮጡ ለዝንጀሮዎቹ በሦስተኛው ቀን ገባቸው። ከዚያ ወዲያ ቡሬ ላይ በተተኮሰ ቁጥር እንደ ተጠራ የሠርግ ዕድምተኛ እየተግተለተሉ ይመጡ ጀመር። የማሳው ሲሶ በአንድ ሳምንት አለቀ። ክንዱ የተገሸለጠውን አገዳ እያየ ሚስቱን ምን እንደሚያበላት ያስብ ጀመር።

የመንደሩ ልጆች ቡሄ ቀርቦ ጅራፍ ማጮህ ጀምረው ስለነበር ለክንዱ መላ የመጣለት ከዚያ ነው። ጅራፉ ከሩቅ ይጮሃል፣ ውሻው ቁራሽ ይቀበላል፤ በየቀኑ ጅራፉ ይቀርባል፣ ውሻው ጩኸት ይለምዳል። ችግሩ፣ ክንዱ ውሻውን ይዞ ከተቀመጠ ጅራፉን የሚያጮኸው ሰው መጥፋቱ ነው።

«እኔ አጮኸዋለሁ» አለች ያይኔአበባ።

«ሴት ጅራፍ ስታጮህ ማን አይቶ ያውቃል? አገር ይስቅብናል።»

«ዝንጀሮው እየሳቀብን አይደል?»

በማግስቱ ነጠላዋን አደግድጋ ከወንዙ ማዶ ቆመች። ጎረቤታቸው እናኑም «ያይኔአበባ ዘንድሮ ሆያ ሆዬ ልትጨፍር ነው» ብላ አስወራች። ጾም ነውና አይበገሬ ሳይጠየቅ ጿሚ ሆነ፤ የሚጣልለትም ደረቅ የገብስ ዳቦ ነው፣ እሱም ቅዳሴ ከወጣ በኋላ። ያይኔአበባ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አዘዘች።

«ዳቦውን አብረውት ይብሉ። ብቻውን ከበላ ይጠረጥራል።»

ክንዱ ለውሻው ሲል አብሮ በላ። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር አንድ ጉርሻ ለአይበገሬ፣ አንድ ጉርሻ ለራሱ። በመጀመሪያው ቀን ከሁለቱ የበለጠ የዘለለው ማን እንደሆነ ባንናገር ይሻላል። በአምስተኛው ቀን ጅራፉ ወንዙን ተሻገረ፣ በዘጠነኛው አጥሩ ሥር ደረሰ። ክንዱ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ማሳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳለ ቡሬ ላይ መድፉ ጮኸ። አይበገሬ ብድግ አለ፤ ወደ ቡሬ ግን አልዞረም፣ የጌታውን ፊት ቀና ብሎ አየ። ክንዱም ሊሮጥ ብድግ ካለ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ። ዳቦውን ከሁለት ገምሶ ግማሹን ጣለለት፣ ግማሹን ራሱ ጎረሰና አላምጦ አላምጦ ዋጠው። ውሻው አይቶት ጅራቱን ቆላ። ዝንጀሮዎቹ እንደ ልማዳቸው ተግተልትለው ሲመጡ አይበገሬ ዘሎ ገባባቸው፤ ክንዱም ወንጭፉን እያሽከረከረ ተከተለ። ገደሉ እስኪደርሱ አሯሯጧቸው።

ክንዱ ቤቱ የገባው እየፎከረ ነው። «ውሻው ዳነ። በቆሎውም ተረፈ።»

ያይኔአበባ ውሃ አቀበለችው። «እርስዎ ሽሬ ሳሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «በዚያ ዓመት ነጎድጓዱ ጣራውን ሲያንቀጠቅጠው አይበገሬ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋ ነበር። መደንገጥ የጀመረው እርስዎ ከተመለሱ ወዲህ ነው።»

ክንዱ ውሃውን አስቀምጦ ጅራፉን አነሣና አቀበላት።

«ነገም ጅራፉን አጩኺው» አላት።

«ውሻው ዳነ አላሉም?»

«ለእኔ ነው» አለ ክንዱ።