የመስኮቱ ኪስ

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ የመኝታ ቤቴን የመስኮት መዝጊያ ግድግዳ ውስጥ ተለስኖበት አገኘሁት።

አባቴ በጃንሆይ ዘመን፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ በእጁ የሠራው የእንጨት መዝጊያ ነው፤ ሲከፈት ተንሸራቶ ግድግዳው ውስጥ ካለ ሳጥን ይገባል። ሳጥኑን ቤተሰባችን «ኪስ» ይለው ነበር።

ጠዋት ግድግዳውን ሊለስን የመጣውን አሕመድን «ኪሱን አደራ እንዳትነካብኝ» ብዬው ነበር የወጣሁት።

«ጋሼ፣ ወላሂ ኪስዎን አልነካሁም፤ ኮትዎን አቧራ እንዳያገኘው ጓዳ ሰቅዬልዎታለሁ» አለኝ።

ኮቴ በእርግጥም ንጹሕ ነው።

ልስኑ ሳይደርቅ ሁለታችን ፈልፍለን መዝጊያውን አወጣነው፤ ወገቤ እስካሁን አልቃናልኝም።

ከወገቤ ይልቅ ያደከመኝ ግን፣ «ኪስ» ስል ሳላብራራ የሚገባው ሰው በዚህ ቤት አለመቅረቱ ነው።

እናንተስ፣ ከቤታችሁ ደጃፍ ሲወጣ ትርጉሙ የሚለወጥ ምን ቃል አላችሁ?