ጥቁር እንጨትና የባሕር ኪያር

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ከአንኮበር ቁልቁል፣ ደኑ ጥግ ነው። ካቻምና ጥር ላይ ከባለቤቴ ጋር ከደብረ ብርሃን ልንጠይቀው ስንወርድ ቤቱ እንግዳ አገኘን። ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነው። «የመድኃኒት ዛፍ አጠናለሁ» አለን። የሚጠይቀው ግን ጥቁር እንጨት ስለሚባለው ዛፍ ብቻ ነበር። ቅርፊቱ ባሕር ማዶ ለወንዶች ሕመም ይፈለጋል አለ።

«ዛፉ እኮ አይቆረጥም፤ ቅርፊቱ ብቻ ነው።»

አሰብ ያደገው ባለቤቴ ሲያዳምጥ ቆየና «በጆንያ ነው የምትወስደው?» አለው። ሰውየው ሳቀ።

ደጅ ስንወጣ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጅ ሳለሁ የባሕር ኪያር የሚባል እንስሳ የሚገዛ ሰው መጣብን። ባሕሩ ወለል ላይ የሚተኛ፣ አጥንት የሌለው ነገር ነው። እኛ አንበላውም፤ ሩቅ አገር ግን ይበሉታል፣ መድኃኒትም ያደርጉታል። ያም ሰው እንደዚህኛው ለስላሳ ነበር። መጀመሪያ ጠላቂዎቹ ጉልበት ከሚደርስ ውኃ ያነሡት ነበር። ኋላ ትንፋሻቸው እስኪያጥር ጠልቀው ባዶ እጃቸውን ይወጡ ጀመር።»

«ታዲያ ከዛፍ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሁለቱም ሮጠው አያመልጡም። ሁለቱም ለማደግ ዘመን ይፈልጋሉ። ባሕር ሲራቆት ግን ከላይ አይታይም፤ ዛፍ ቢያንስ ይታያል።»

ወንድሜ ደኑን ሊያሳየን ሲወጣ ከለመድነው መንገድ አዙሮ ወሰደን። ለምን ስለው «ጭቃ ነው» አለኝ። በጥር ምን ጭቃ አለ? ትቼው በድሮው መንገድ ገባሁ። መንገዱ ዳር ያለው ትልቁ ጥቁር እንጨት ከፊት ሲያዩት ደህና ነው። በጀርባው ዞሬ ሳየው ከሥሩ እስከ ሰው ቁመት ተልጧል።

ወንድሜ ደርሶ አጠገቤ ቆመ።

«ናሙና ብሎኝ ነው። ይሽራል አለኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ናሙና ነው?»

ቤት ስንደርስ ወንድሜ ራሱ እንግዳውን «ሌላ ማደሪያ ፈልግ» ብሎ አስነሣው። ሰውየው ምንም ሳይከራከር ሻንጣውን አነሣ። አለመከራከሩ ይበልጥ አሳሰበኝ፤ የሚቀበለው ሌላ ቤት ያለው ይመስል ነበር።

በዓመቱ የዛፉ አናት ደረቀ። ወንድሜ ስደውልለት ጎረቤቶቹ ደኑ ውስጥ እየዞሩ እንደሚጠብቁ ይነግረኛል። ያ ሰው ከእነሱ ከአንዱ ቤት ገብቶ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ወሬ ይለውጣል።