ፔጆዬ ላይ ፕላስተር አይለጠፍም

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ በልጄ በሜሮን ሰርግ ዕለት ነው። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «አልማዝ ለመኪና ቀለም ብላ የልጇን ሰርግ ልትበትን ነበር» እያሉ ስለሚያወሩብኝ፣ እስቲ ደግሞ ከእኔ ይሰማ ብዬ ነው መጻፌ።

መኪናዋ አሮጌ ፔጆ ናት። ባለቤቴ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ድሬ ዳዋ የባቡር ፉርጎ ቀለም ቀቢ ነበር። ፔጆዋን የቀባት ራሱ ነው፤ ቀለሙንም ራሱ ነው የቀመመው። ሻይ በወተት ትመስላለች። ቀለም ቤቶቹን ሁሉ ዞሬ ያንን ቀለም የሚያመጣልኝ አላገኘሁም። ስለዚህ አንድ ቦታ ከተላጠ ተላጠ ነው፣ መመለሻ የለውም።

እሱ ካረፈ ወዲህ የምነዳትም የማጥባትም እኔ ነኝ። የድሬ ፀሐይ ቀለም ይበላል። ማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ በለስላሳ ጨርቅና በሕፃን ሳሙና አጥባታለሁ፤ ከዚያ አሮጌ አንሶላ አለብሳታለሁ። አጣቢዎቹ እንዲያበራ ብለው በናፍጣ የሚወለውሉትን ነገር እኔ ግቢ ማንም አያደርገውም። ለአንድ ቀን ያብለጨልጭና ከዚያ የአገሩን አቧራ ይሰበስባል። ጎረቤቶቼ «አልማዝ መኪናዋን ልታዝላት ምን ቀራት!» ይላሉ። ይበሉ።

ሜሮን ገና ስትታጭ «ከቤት የምወጣው በአባዬ መኪና ነው» ብላ ነበር። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ሳምሶን ግን ሙሽራ በነጭ መኪና ካልሄደች ሰርግ አይመስለውም። ተከራክሮ ተከራክሮ እሺ አለ። እኔም አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁት፤ ፕላስተር አይነካትም አልኩት። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ሰርግ አውሰናት አበባውን በፕላስተር ለጥፈውባት ነበር። ሲነቅሉት ቀለሙን ይዞት ተነሳ። ታደሰ ያን ቀን እራት አልበላም። ጠባሳው እስከ ዛሬ የኋላ በሯ ላይ አለ።

የሰርጉ ዕለት ሳምሶን ሚዜዎቹን ይዞ ከሙሽራው ቀድሞ መጣ። እኔ ቤት ውስጥ ነጠላዬን ሳስተካክል ቆይቼ ወጣ ስል፣ ኮፈኑ ላይ ወፍራም ፕላስተር ተለጥፏል፤ አንደኛው ሚዜ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ይዞ ቆሟል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ደሜ ፈላ።

«ማን ነው የለጠፈው?»

«አቦ እትዬ አልማዝ፣ አብሽሪ! ሲነሳ አይታወቅም» አለኝ ሳምሶን፤ ሊነቅለው እጁን ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!» ብዬ ጮህኩ። እንደዚያ ጮሄ አላውቅም።

ኩሽና ገብቼ የምግብ ዘይትና ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ያንን የመሰለ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ኮፈኑ ላይ ተደፋሁ። የፕላስተሩን ጫፍ በዘይት አረጥባለሁ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ወደ ኋላ አጥፌ ቀስ ብዬ እስባለሁ። እንደገና ዘይት። ይሄኔ የሙሽራው አጀብ ክላክሱን እያንባረቀ ደረሰ።

«ለቀለም ብለሽ ሰርግ ታበላሺያለሽ? ኧረ ሰው ይስቅብናል!» አለ ሳምሶን። ስልኩን አወጣና ነጭ መኪና ይዛችሁ ድረሱ አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ልጄ በእኔ ግትርነት ከአባቷ ቤት በኪራይ መኪና ልትወጣ ነው አልኩ። እጄ ግን አልቆመም። ያንን ፕላስተር በጉልበት ከምነቅለው የሰርጉ እንግዳ ሁሉ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ ለቀቀ። ከሥሩ ቀለሙ ደህና ነው። ሳላስበው እልል አልኩ፤ ሰዎቹ ለሙሽራው መስሏቸው ተቀበሉኝ።

ሙሽሮቹ ሲወጡ ነጯ መኪና ሪባኗን አንዠርግጋ በር ላይ ደርሳለች። ሳምሶን በእጁ ወደ እሷ ጠቆመ። ሜሮን አላየችውም። ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ የፔጆዋን የኋላ በር ከፍታ ገባች። ሙሽራውም ተከተላት። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ።

«የሙሽራ እናት ሹፌር ትሆናለች እንዴ?» አለ ሳምሶን።

«ትሆናለች» አልኩና ሞተር አስነሳሁ።

አንድ አበባ የለን፣ አንድ ፊኛ የለን። በመንገድ ያለው ሰው እኛን አልፎ ሙሽራዋን የሚፈልገው ከኋላችን በምትከተለው ነጭ መኪና ውስጥ ነው። ያኔ ለልጄ ያደረግሁላት ይሄንን ነው ወይ አልኩ በልቤ።

ከዚራ ሰፈር ስንደርስ የባቡሩ ጡረተኞች እንደ ልማዳቸው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከታደሰ ጋር ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ጀማል ድንገት ብድግ ብለው መንገዱ ላይ ገቡ። ፍሬን ያዝኩ። መጥተው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

«ወላሂ የታደሰ መኪና ናት! እንደ ቀባት ቀን እኮ ናት!» አሉ። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ሲያዩ ልጄን አወቋት። «ሜሮን! አባትሽ ይዞሽ ወጣ?»

ሜሮን እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተነስተው አጨበጨቡልን። ከኋላ በነጯ መኪና ያለው ሳምሶን የፎቶ ሰዓት አለፈብን እያለ ክላክሱን ያንጫርራል፤ ማን ሰምቶት!

ማታ አንሶላዋን ላለብሳት ስል የጋሽ ጀማል መዳፍ አቧራው ላይ ታትሞ አየሁት። እጅ ያረፈባትን ሁሉ ወዲያው የምጠርግ ሴት፣ እሱን ሳልነካው ገብቼ ተኛሁ።

ዘመዶቼ ዛሬም ይስቁብኛል። ነጭ አስቀቢያትና ተገላገዪ ይሉኛል። አላስቀባትም። ልጄን የዳራት አባቷ ነው፤ እኔ ሹፌር ነበርኩ።