በቆርቆሮው ክፍል ያወለቅሁት ጫማ

አስተማሪ ስለሆንኩ ነገርን ከሥሩ ማስረዳት እወዳለሁ። ስለዚህ ወደ ጫማው ከመድረሴ በፊት ስለ ጊዩር ትንሽ ልናገር።

ከጎንደር ወደ ቤር ሼቫ የመጣነው እናቴና እኔ ነን። የእናቴ አያቶች አይሁድ ነበሩ። እናቴ ግን ያደገችው በቤተ ክርስቲያን ነው፣ እኔም ክርስትና ተነስቻለሁ። እንደኛ ያለ ቤተሰብ እስራኤል ሲገባ ወደ አያቶቹ ሃይማኖት የሚመለስበትን ትምህርት ይማራል፣ በመጨረሻም ሦስት ረቢዎች ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጊዩር ይሉታል። እናቴ ጊዩሯን ካልጨረሰች ጎንደር የቀረው ታላቅ ወንድሜ እንዲመጣልን ማመልከት አትችልም ነበር። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ሽኩና ቤት ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን በእግሯ ሄዳ ትማራለች፣ ስትመለስ ደግሞ የዳቦውን በረከት፣ የወይኑን በረከት፣ እጅ የሚታጠቡበትን በረከት እየደጋገመች ድንች ትልጣለች። እኔ አጠራሯን ሳርማት፣ «ቆይ፣ ለሱ ለወንድምሽ ስል ነው የምታገሥሽ» ትለኝ ነበር።

በፈረንጆቹ የሁለት ሺህዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው፣ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሠራል። አንዳንዱ የአዛውንቶች ቤት መረጠ፣ አንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት። እኔና ለሃቪም ከሚባለው የባለጸጎች ሰፈር በባቡር የሚመጡ፣ እዚያው አገር የተወለዱ ሁለት አይሁድ የክፍሌ ልጆች ከከተማው ውጭ ያለ የቤዱዊኖች፣ የበረሃ ዓረቦች፣ መንደር ደረሰን። መንግሥት ስላላወቀው በካርታ ላይ የሌለ መንደር ነው። መብራት የለውም፣ ውሃ በበርሜል ይመጣል፣ ልጆቹ የሚማሩት በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። እኛ ሒሳብ እናስጠናለን።

በጸደይ መግቢያ ላይ ከባሕር ማዶ አንድ የክርስቲያን ማኅበር የላካቸው ወጣቶች መጡ። በዕድሜ እኩዮቻችን ናቸው። ሩቅ ያሉ መንደሮችን ለመርዳት ቃል ገብተው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍታቸውን ሰውተው የመጡ ነበሩ። ለቆርቆሮው ክፍል ጣሪያ ሊቀይሩና ከፊቱ ጥላ ሊሠሩለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ ለብሰዋል፣ አንገታቸው በፀሐይ ተልጧል። ምስማር መምታት የሚችል ከመካከላቸው ጥቂት ቢሆንም አንዳቸውም ቁጭ አላሉም። እንግሊዝኛ ከኢትዮጵያ ይዤ ስለመጣሁ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ።

ከልጃገረዶቹ አንዷ ውሃ እየጠጣን ሳለ የመንደሩ ልጅ መስያት ፈገግ ብላ ጠየቀችኝ።

«ለመንደራችሁ ውሃ መቼ ነው የሚገባላችሁ?»

«የእኔ መንደር ውሃም አሳንሰርም አለው» አልኳት። «አሳንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። እሱን መጥታችሁ ብትሠሩልን ጥሩ ነው።»

ፊቷ ደም መሰለ። ከዚያ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ቆርቆሮ አብረን ተሸከምን። ጥሩ ልጅ ነበረች። ይህን የምጽፈው ሰዎች ስለ እነዚያ ልጆች ሲያወሩ ስለ ተኩላ የሚያወሩ ስለሚመስሉ ነው። መንደሩ ውስጥ አንድም ቀን ለማንም ሲሰብኩ አልሰማሁም። ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለራሳቸው ይጸልዩ ነበር፣ ያ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ነፋሱ አሸዋ ስላስነሳ ለጸሎት ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገቡ። የክፍሉ ምንጣፍ ለሥራ ሲባል ተጠቅልሎ ተወስዷል፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። እኛ ሦስታችን ከነፋሱ ሸሽተን ተከትለናቸው ገባን። እነሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። አስቤበት አይደለም። ሰው በሚጸልይበት ቤት ጫማ አይገባም፣ ይህን የማውቀው መናገር ከመቻሌ በፊት ነው። ለጸሎቱ አሜን አላልኩም። ግድግዳ ተደግፌ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከእኛ ጋር የመጣው መምህር ፎቶ አነሳን።

ፎቶው ትልቅ ተደርጎ ታጥቦ በትምህርት ቤታችን ኮሪደር ተሰቀለ። ሰማያዊ ካናቴራዎቹ፣ ከለሃቪም የሚመጡት ሁለቱ ልጆች፣ ጥጉ ላይ በባዶ እግሬ እኔ። ሺህ ሰው አልፎበታል፣ ማንም ምንም አላየም። ያየው የእኛው የኢትዮጵያ ሰው ነው። የእኛ ሰው ፊት ከማየቱ በፊት እግር ያያል።

በሳምንቱ መገሸሩ ቤታችን መጣ። መገሸር ማለት በእኛና በመሥሪያ ቤቶች መካከል የሚያገናኝ፣ የሚያስተረጉም ሠራተኛ ነው። ይህኛው በልጅነታቸው በሱዳን በኩል ከመጡት ቤተ እስራኤሎች ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እህቴ፣ ልጅሽ ከሚሲዮን ጋር ጫማዋን አውልቃ ስትጸልይ ታየች ተብሏል። ረቢዎቹ ጆሮ ደርሷል። በቀጠሮሽ ቀን ይጠይቁሻል።»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጸልየሻል?» አለችኝ።

«አልጸለይኩም። ጫማዬን ግን አውልቄያለሁ።»

«መልሱ ቀላል ነው» አለ መገሸሩ። «ምንጣፍ ነበር ትያለሽ። ቤዱዊን ቤት ምንጣፍ በጫማ አይረገጥም። አለቀ።»

«ጋሼ፣ ምንጣፍ አልነበረም። ፎቶው ላይም የለም።»

«ዳኞች ምንጣፍ አይፈልጉም፣ መልስ ነው የሚፈልጉት።»

«ከለሃቪም የሚመጡት ልጆችስ? እዚያው ነው የቆሙት። እነሱን ማን ጠየቃቸው?»

«እነሱ የሚጠየቁት ነገር የለም። አንቺ አለሽ።»

ይሄኔ ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ አባትዎ ጎንደር ሳሉ ጸሎት ቤት ሲገቡ ጫማ ያወልቁ አልነበረም? መስጊድ የምትሉት የእናንተ የቤተ እስራኤሎች ጸሎት ቤት በር ላይ የተደረደረውን ጫማ እናቴ ስትናገር ሰምቻለሁ። አይሁድ ሲያወልቀው ጽድቅ፣ እኛ ስናወልቀው ሚሲዮን ነው?»

ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ። «ያወልቅ ነበር» አለ። «እዚህ ግን ይህን ለማን ታስረጃለሽ? ሞክረነዋል፣ ልጄ።» ተነሣና ለእናቴ፣ «ምንጣፍ በይ» ብሎ ወጣ።

እኔ ልማዴ ነውና መልስ አዘጋጀሁ። አንደኛ፣ ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ ታዟል። ሁለተኛ፣ በቤተ መቅደሱ ካህናቱ በባዶ እግራቸው ያገለግሉ ነበር። ሦስተኛውን ሳልጀምር እናቴ፣ «ይበቃል፣ ሲጠይቁኝ የማውቀውን እናገራለሁ» አለች።

ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከእናቷ ጋር ስለምትቀርብ በቀጠሮው ቀን አብረን ገባን። ሦስቱ ረቢዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። መገሸሩ ለማስተርጎም ከጎናችን ነበር። ስለ ሻባት፣ ስለ ሰንበት ሕግ፣ ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ ሥጋና ወተት አለመቀላቀል ጠየቋት፣ መለሰች። ከዚያ መካከለኛው ረቢ ስለ ፎቶው አነሣ። ልጅሽ ለምን ጫማዋን አወለቀች?

እናቴ በአማርኛ እንዲህ አለች። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሰው ሲጸልይ ጫማ ይወልቃል። የጸለየው እስላም ቢሆንም ታወልቅ ነበር። እዚህ እንደመጣን ሰሞን ምኩራብ በር ላይም አውልቃለች፣ በር ጠባቂው ጫማሽን አድርጊ ሲላት አደረገች።»

መገሸሩ ወደ ረቢዎቹ ዞረ። በዕብራይስጥ፣ «ምንጣፍ ስለነበረ ነው ትላለች» አለ።

ረቢው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ እስክሪብቶውን አነሣ። በዚያው ማለፍ ይቻል ነበር። ወንድሜ ትዝ አለኝ። እናቴ ግን ቀና ብላ ተቀምጣለች፣ የተናገረችው ቃል የተነገረላት መስሏታል። በራሷ ጉዳይ፣ በራሷ አፍ።

«እናቴ እንደዚያ አላለችም» አልኩ በዕብራይስጥ።

መገሸሩ ክንዴን ያዘ። ረቢው፣ «ታዲያ ምን አለች?» ሲል ቃል በቃል ተረጎምኩለት፣ እስላሙንም ምኩራቡንም ሳላስቀር። ዳር ያለው ሽማግሌ ረቢ ስለ በር ጠባቂው ስናገር ጢሙን ይዞ ፈገግ አለ። መካከለኛው ግን አልሳቀም። ኮሪደር እንድንጠብቅ ነገሩን፣ ከዚያም ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ እንዲታይ ተላለፈ ተባልን።

«ሴት ልጅሽ ወንድ ልጅሽን አስቀረችብሽ» አለ መገሸሩ እዚያው ኮሪደር ላይ። «ቢያንስ ያንን መንደር ትተወው። ትታለች ብዬ ልናገርላት።»

እናቴ በዕብራይስጥ የተባለውን ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ክፉ አላሰብክም። ግን ያንተን ቃል በእኔ አፍ አታኑር። ወንድሟንም ያሳደግሁት እንደ እሷ ነው። ነገ መጥቶ ቢያወልቅ ደግሞ ምን ልንል ነው? መንደሩንም አትተውም። ሕፃናቱ ምን በደሉ?»

አልተውኩትም። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ሰማያዊ ካናቴራዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። ጣሪያው ቆሟል፣ በአንድ ጎኑ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ከሥሩ ቁጭ ብለን ክፍልፋይ አስጠናን። ማታ ማታ ግን እናቴ በረከቶቹን ስትደጋግም እያረምኩ፣ ፋሲካ እስኪያልፍ ድረስ ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ለማንሣት እፈራ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ስንቀርብ እናቴ ሌላ አስተርጓሚ ጠየቀች፣ አንዲት ሴት መጣች። ረቢዎቹ ስለ ጫማ አላነሡም። እናቴ ግን ሳትጠየቅ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ፣ ያንኑ መልስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመችው። ሴትየዋ እየሠጋች ተረጎመችው። ሽማግሌው ረቢ፣ «ሰምተናል፣ አሁን ስለ ሱኮት፣ ስለ ዳሱ በዓል፣ ንገሪን» አላት። ነገረቻቸው። አለፈች።

ያለፈችው በመልሷ ይሁን መልሷን ችለውት አላውቅም። ተማሪዎቼ ይህን ሲጠይቁኝ፣ እኔ ሁሉን ማስረዳት የምወደው ሰው፣ ይህን ማስረዳት አልችልም። የማውቀው ከዚያ ወጥተን አውቶቡስ ሳንይዝ የስልክ ካርድ መግዛታችንን ነው። እናቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጎንደር ደወለች።

«ጨረስኩ» አለችው ወንድሜን። «ወረቀትህን አዘጋጅ።»

ምን ጠየቁሽ ሳይላት አልቀረም።

«ስለ በዓል ጠየቁኝ» አለች። «ስለ ሌላው እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»