እናትሽ ደህና ናት?

ቀራንዮ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ባንክ ቤት ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ሱቄ መጥታ የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ጋሼ፣ ሌባ ይሁኑልኝ» አለችኝ።

«እስካሁን ምን ነበርኩ?» አልኳት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባንኩ ለኮምፕሊያንስ ክፍል፣ ማለትም አጠራጣሪ ገንዘብ ለሚከታተሉት፣ ከፍተኛ ሥልጠና እየሰጠ ነው። «በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን መከላከል» ይባላል፤ ርዕሱን አንብበው እስኪጨርሱ ሌባው ዱባይ ገብቷል። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙ ራሱ ደንበኛ ሆኖ ይቀርባል። የገንዘቡን ምንጭ ያላወጣጣ ሠልጣኝ ወደ ገንዘብ ከፋይነት መስኮቱ ይመለሳል። እሷ ከዚያ መስኮት ለመነሳት ስንት ለፍታለች።

ሌባ ሆንኩላት።

«ይህ ሁሉ ብር ከየት መጣ፣ አባቴ?»

«በሬ ሽጬ ነው፣ ልጄ። እናትሽ ደህና ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

«እደጊ፣ ተመንደጊ።»

«አሜን» ብላ አንገቷን ደፋች።

«ጨረስሽ? እህቴን ሰላም ብዬ ብሩን አሳለፍኩ እኮ!»

ደግመን ጀመርን። አሁን ተቆጣሁ። «በዚህ ሽበቴ ሌባ ልትይኝ ነው?» ብዬ ባንኮኒውን ስመታው፣ ይቅርታ ጠይቃ ልትሸኘኝ ተነሳች። ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች። ትልቅ ሰውን ደጋግሞ መጠየቅ ግን ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ያሳደግናትም እኛው ነን።

በዚህ መሐል አንድ ኮንትራክተር ቆርቆሮ ሊገዛ ገባ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለኝ። ስለ ዶላር አማረርኩለት። አብሮኝ አማረረና፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለ። የጭነቱን ውድነት ነገርኩት። አንጀቱን በላሁት፤ «እውነትህን ነው ወንድሜ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» አለኝ። ቀነስኩለት።

እሱ ሲወጣ ባልዲዋን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። «እንደገና፣ ጋሼ።»

«በሬ ሽጬ ነው አልኩሽ። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በሬውን ማን ገዛዎት?»

«እደጊልኝ።»

«አሜን። ማን ገዛዎት?»

«ሽበቴን አታዪም?»

«አይቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልን። ማን ገዛዎት?»

ለበሬዬ ገዢ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ፈተናውን አለፈች፤ ወደ መስኮቱም አልተመለሰች።

ባለፈው ሰሞን አሮጌዋን አይሱዙ ሸጬ ብሩን እሷ ባንክ ወሰድኩት። «የዘመዴን ጉዳይ አልይዝም» ብላ አጠገቧ ላለችው ባልደረባዋ አሳልፋ ሰጠችኝ። ልጅቷ ወንበር ስባልኝ ብሩ ከየት እንደመጣ በትሕትና ጠየቀችኝ። የሽያጩ ውል ኪሴ ውስጥ ነው። የለመደ አፍ ግን አያርፍም።

«ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብሩስ፣ አባቴ?»

ዞር ብዬ የእህቴን ልጅ አየኋት። ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ውሉን አወጣሁ።