የተማሪዬ መርዶ

የወሰዱኝ ከክፍል አውጥተው ነው። ጉደር በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት እሰጥ ነበር። ያን ዕለት ልጆቹ ገዢና ሻጭ እየሆኑ ይለማመዱ ነበር። አንዷ ድንች ትሸጣለች፤ ሌላዋ በእንግሊዝኛ "በጣም ተወደደ!" እያለች ትከራከራታለች፤ ክፍሉ ይስቃል። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ።

"መምህርት፣ ለጥያቄ አንዴ እንፈልግሽ ነበር" አለኝ አንደኛው፣ በጨዋ ደንብ።

ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ልጆቹ ቶሎ የምመለስ መስሏቸው ልምምዳቸውን ቀጠሉ። ድምፃቸው እስከ በሩ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነው። አምቦ ወስደው ባሰሩኝ ግቢ ለሴቶች የተሰጠችው ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበረች። የሲሚንቶ ወለል፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ጥግ ላይ ባልዲ። የገብስ ብናኝ ከግድግዳው ስላልለቀቀ ስንተኛ ጉሮሯችንን ይከረክረን ነበር። ክፍሏ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች የማልረሳቸው ሁለቱን ነው። አንደኛዋ ልጃቸው ስለጠፋ በእሱ ምትክ የታሰሩ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛዋ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነች። ቤተሰቦቿ ከአምቦ በስተሰሜን፣ ጎጆ ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እሷና ታላቅ ወንድሟ ለትምህርት አምቦ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሰልፍ በተደረገበት ቀን ተይዛ መጣች። ወንድሟ የት እንደደረሰ አታውቅም።

አስተማሪ መሆኔን ስትሰማ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ቲቸር፣ ፈተናው ያመልጠኛል?"

"ከዚያ በፊት ትወጫለሽ። ምን ይከብድሻል?"

"እንግሊዝኛ። አነባለሁ፤ አፌ ግን አይፈታልኝም።"

ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። የምታውቂውን ሰው በእንግሊዝኛ ንገሪኝ አልኳት። ወንድሟን መረጠች። በየቀኑ ስለ እሱ ታወራልኛለች፤ እኔ አዳምጬ አርማለሁ። ረጅም ነው። ኳስ ይወዳል። ሽሮ ሲሠራ ያሳርራል። የ"ያሳርራል"ን እንግሊዝኛ ስነግራት ሳቀች፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ለሌሎቹ እየተረጎመች አሳቀቻቸው። ዘብ የምትቆመው ፖሊስ በሩን መታችና "ምንድን ነው?" አለች።

"ትምህርት ነው።"

"ድምፃችሁን ቀንሱ" ብላ ሄደች።

አንድ ቀን እህቴ ምግብ ይዛልኝ መጣች። በአጥሩ በኩል ሳህኑን ስታቀብለኝ ጎንበስ ብላ፣ "የጎጆዋ ልጅ አንቺ ጋ ናት?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ወንድሟ ሰልፉ ላይ በጥይት ተመቶ ሞቷል። አገር ቤት ወስደው ቀብረውታል። አባትየው እስክትፈታ እንዳይነግሯት፣ አደራ ብለዋል።"

ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ። ልጅቷ ከእጄ ተቀብላኝ፣ እንጀራውን ለሁላችንም እየቆረሰች፣ የዕለቱን ትምህርት ጀመረች። "ሂ ኢዝ ስትሮንግ" አለች፤ ጠንካራ ነው ማለቷ ነው። "ሂ ኢዝ ማይ ፍሬንድ።"

"ትክክል ነው፣ ቲቸር?" አለችኝ።

"ትክክል ነው" አልኳት። ሥራዬ ስህተት ማረም ነበር። ያንን ግን ማረም አቃተኝ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። እሷ "ነው" ትላለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን ወደ ማታ ዘቧ መጥታ፣ "አንቺ ነገ ጠዋት ለምርመራ ትቀርቢያለሽ" አለቻት። እኔን ሲመረምሩኝ "ባልደረባሽ ሁሉንም ተናግሯል፣ ፈርሚ" ነበር ያሉኝ። ምንም አልተናገረም ነበር። ለእሷ ደግሞ ወንድሟን እንደሚጠሩላት አወቅሁ።

አዛውንቷን ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኳቸው።

"አባትየው አደራ ብለዋል" አልኩ።

"አባቷ ነገ እንደምትመረመር አያውቁም፣ ልጄ። ከመርማሪው አፍ ከምትሰማው ከእኛ ትስማ። እንደ ወጉ ትረዳ።"

ገና ጎህ ሲቀድ ሴቶቹ ሁሉ ተነሱ። ነጠላ ያላት ነጠላዋን፣ የሌላት ሻሿን ዘቅዝቃ ለበሰች። ልጅቷ ከእንቅልፏ ስትነቃ ከበናት ተቀምጠን ነበር። አንድ በአንድ አየችን፤ የለበስነውን አየች። ማንም ሳይናገር ገባት።

"አባቴ ነው?" አለች።

አዛውንቷ እጇን ይዘው በኦሮምኛ ነገሯት። አልጮኸችም። ሻርፗን በጥርሷ ነክሳ ጭኔ ላይ ወደቀች። ዘቧ በሩን ከፍታ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት አዛውንቷ ቀና ሳይሉ፣ "ለቅሶ ላይ ነን" አሏት። ቆመች። ሄዳ በጆግ ውኃ አመጣችና ደጃፉ ላይ አስቀምጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሊወስዷት ሲመጡ ፊቷን ታጥባ ነበር። ሻርፗን ዘቅዝቃ እንደለበሰች ወጣች። እስክትመለስ አንዳችንም ምግብ አልነካንም።

ስትመለስ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

"ምን አሉሽ?"

"ወንድምሽ ሁሉንም ነግሮናል፣ አንቺም ፈርሚ አሉኝ። 'መቼ ነገራችሁ?' አልኳቸው። 'ትናንት' አሉ።" ሻርፗን አስተካከለች። "'ወንድሜ ሞቷል። እኔ ሳልቀብረው ቀርቻለሁ። አልፈርምም' አልኳቸው።"

"ከዚያስ?"

"አንደኛው አቀረቀረ። ሌላው ውሰዷት አለ።"

ያን ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። ለቀስተኛ የምንሆን እኛው ነበርን። ከአንደኛው ጥግ እየተነሳን፣ ነጠላችንን እያስተካከልን፣ በዚያች ጠባብ ክፍል እንደ ሩቅ መንገደኛ ቀስ ብለን ተራምደን ሌላኛው ጥግ ደረስን። አንዷ "እግዜር ያጥናሽ" ትላለች፤ አንዷ "ጀባዹ" ትላታለች፣ በርቺ። አጠገቧ ትንሽ ተቀምጠን እንነሳለን፤ ሌላዋ ትተካለች። በሕይወቴ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እንዲያ ያለ ሥርዓት ያለው ግን አላየሁም።

ከቀናት በኋላ ራሷ መጣች። "ቲቸር፣ እንቀጥል" አለችኝ። "ማይ ብራዘር ዋዝ…" ብላ ጀመረች። ማንም ሳይነግራት "ነው"ን "ነበረ" አድርጋዋለች። ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺ አላልኳት።

እሷ ከእኔ ቀድማ ተፈታች፤ የዚያን ዓመት ፈተና ግን አልደረሰችበትም። እኔም ወጥቼ፣ ብዙ ደጅ ጠንቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የቅዳሜው ትምህርት እንደገና እንዲጀመር ወላጆች ሲጠይቁኝ አንድ ዓመት ያህል እሺ ማለት አልቻልኩም ነበር። አሁን አስተምራለሁ። ልጆቹ ስለሚወዱት ሰው እንዲያወሩ የሚያዘው መልመጃ ላይ ስደርስ ግን ስለሚወዱት ምግብ እንዲያወሩ አደርጋቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አምቦ መናኸሪያ አገኘኋት። ትልቅ ሴት ሆናለች። በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፤ ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። መምህርት ሆና ካቺሲ ተመድባ ታስተምራለች።

"እንግሊዝኛ ነው?" አልኳት ደስ ብሎኝ።

"አይ፣ ቲቸር፣ ሒሳብ ነው። እንግሊዝኛ ሰጥተውኝ ነበር፤ ቀይሩልኝ አልኳቸው።"

ረዳቱ "ካቺሲ! ካቺሲ!" እያለ ሲጣራ ተሳፈረች። በመስኮቱ እጇን ዘረጋችልኝ፤ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ይዤው ቆምኩ።